ጎንደር ላይ አንድ ክፍል መጨመር ለምን ይከብዳል?

መስቀል አልፎ መሬቱ ሲጠነክር ጎንደር መገንባት ትጀምራለች። በየሰፈሩ በር ላይ አሸዋ ይደፋል። ብሎኬት ይደረደራል። ጋሪ ድንጋይ ያመላልሳል። ክረምቱ ተመልሶ እስኪገባ ድረስ ያለው ጊዜ አጭር ነው፤ ሁሉም ይጣደፋል።

እኔ በየመንደሩ ከማየው ግንባታ ውስጥ ትልቁ ድርሻ አዲስ ቤት አይደለም፤ በነባር ግቢ ላይ የሚጨመር ነው። ልጅ አግብቶ የሚወጣበት ቤት ኪራዩ አልቻል ስላለው ከወላጆቹ ግቢ ሁለት ክፍል ሰርቪስ ይሠራል። አሮጊት እናት ከገጠር ትመጣለች፤ በረንዳው በብሎኬት ተዘግቶ መኝታ ይሆናል። ጡረተኛው ከኪራይ ትንሽ ገቢ እንዲያገኝ ማድ ቤቱን ወደ ጓሮ ገፍቶ ፊት ለፊት አንድ ክፍል ያወጣል። እነዚህ የቅንጦት ግንባታዎች አይደሉም። ቤተሰብ ሲሰፋ ቤት መስፋቱ ያለ ነው።

ከነዚህ ብዙዎቹ ያለ ፈቃድ ነው የሚሠሩት። ለምን ሲባል ሁለት ዓይነት መልስ ይሰማል። አንደኛው «ለአንድ ክፍል ደግሞ ምን ፈቃድ ያስፈልጋል?» የሚል ነው። ሁለተኛው «ጠይቄ ነበር፣ አመላለሱኝ፣ ተውኩት» ይላል። የመጀመሪያው ስህተት ነው። ሁለተኛው ግን እውነት አለው፤ በደንብ ሊታይ ይገባዋል። እኔ እስከገባኝ ድረስ ሰው የሚመላለሰው በሕንጻ ሕጉ ክብደት አይደለም። የሚሰናከለው ከሕንጻው በፊት፣ በመሬቱ ወረቀት ላይ ነው።

ጉዳዩን አሁን ማንሳት ያስፈለገው በምክንያት ነው። የኮሪደር ልማት ሥራ በከተማዋ እየሄደ ነው። መንገድ ሲሰፋ አጥር ይለካል፣ ወሰን ይታያል፣ «ይህ ክፍል መቼ ተሠራ? በምን ፈቃድ?» የሚለው ጥያቄ ይመጣል። ለዓመታት ማንም ያልጠየቀው ሰርቪስ ድንገት ወረቀት የሚጠየቅበት ጊዜ ላይ ነን።

ሕጉ ምን ይላል?

መሠረቱን የጣለው የኢትዮጵያ ሕንጻ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ነው። ከሱ ቀጥሎ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 243/2003 ወጣ። አዋጁ 10,000 እና ከዚያ በላይ ነዋሪ ባላቸው ከተሞች እንዲሠራ ነው የታሰበው። ጎንደር ከዚህ ቁጥር በብዙ እጥፍ ትበልጣለች።

አዋጁ ግንባታ የሚለው አዲስ ሕንጻ መሥራትን ብቻ አይደለም። ያለውን ሕንጻ ማሻሻልም ግንባታ ነው። የሕንጻውን አገልግሎት መለወጥም እንደዚያው። ስለዚህ ከቤቱ ጎን ክፍል መቀጠል፣ በረንዳን ግድግዳ አቁሞ መዝጋት፣ በላዩ ላይ ፎቅ መጨመር፣ ሁሉም ፈቃድ ውስጥ ይገባል። አንድ ብሎኬት ሳይጨመር የፊት ለፊቱን ሳሎን ወደ ሱቅ መለወጥ እንኳ የሕጉ ጉዳይ ነው። ይህን ብዙ ሰው አያውቅም። ለጥምቀት እንግዳ ብዛት ብለው መኖሪያቸውን ወደ ፔንሲዮን የሚቀይሩ ሰዎችም በተለይ ሊያዩት ይገባል።

ቀለም መቀባት ግንባታ አይደለም። ጣሪያና ግድግዳ የሚነካ እድሳት ሲሆን ግን መዶሻ ከመነሳቱ በፊት ቀበሌውን መጠየቅ ይሻላል። ጎረቤት ደውሎ ደንብ ማስከበር ከመጣ በኋላ ማስረዳት ሌላ ድካም ነው።

ሕንጻዎች በሦስት ምድብ ተከፍለዋል። ምድብ «ሀ» ፎቅ የሌለው ሆኖ በሁለት ተሸካሚ ውቅሮች መካከል ያለው ርቀት 7 ሜትር ወይም ከዚያ በታች የሆነ ሕንጻ ነው። ርቀቱ ከ7 ሜትር ከበለጠ ወይም ሕንጻው ሁለትና ከዚያ በላይ ወለል ካለው ምድብ «ለ» ይሆናል። ሕዝብ የሚገለገልባቸው ሕንጻዎች፣ ፋብሪካና ወርክሾፕ፣ ቁመቱም ከ12 ሜትር የሚበልጥ ማንኛውም ሕንጻ ምድብ «ሐ» ነው።

ይህን ለቤት ማስፋፊያ ስናመጣው ትልቅ ልዩነት ይፈጥራል። ከቤቱ ጎን ወይም ከጓሮ የሚጨመረው ተራ ክፍል ምድብ «ሀ» ነው። ቀላሉ መንገድ ይኸ ነው። በዚያው ቤት ላይ ሶሌታ ሞልቶ ጂ ፕላስ ዋን ማድረግ ግን ወደ ምድብ «ለ» ያሻግራል። የስትራክቸር ስሌት ይመጣል፣ የተመዘገበ ባለሙያ ይመጣል፣ ክትትሉም ይጠብቃል። ሁለቱ ሰዎች አንድ ዓይነት ስፋት ነው የጨመሩት። በሕጉ ፊት ግን የተለያየ ሥራ ነው የሠሩት። ትክክልም ነው። ከላይ ያለው ክፍል ቢወድቅ ከታች የተኙትን ይዞ ነው የሚወድቀው።

ፈቃድ የሚሰጠው የሕንጻ ሹም የሚባለው ኃላፊ ነው። የሹሙ ውሳኔ ያልተዋጠለት ሰው የሚሄድበት ይግባኝ ሰሚ ቦርድም በአዋጁ አለ። ይህ ቦርድ መኖሩን የሚያውቅ ሰው ማግኘት ይከብዳል። አንድ ሠራተኛ በቃል «አይሆንም» ሲል ነገሩ ያለቀ ይመስለናል።

አዋጆች ይሻሻላሉ፣ መመሪያዎችም ይለወጣሉ። ስለዚህ ወደ ክፍለ ከተማው ወይም ማዘጋጃ ቤቱ ሲኬድ የመጀመሪያው ጥያቄ «አሁን የምትሠሩበት የትኛው ነው? የሚጠየቀውን ሰነድ ዝርዝር ስጡኝ» መሆን አለበት። ዝርዝሩን በጽሑፍ ይቀበሉ፤ በማስታወስ የተነገረ ዝርዝር በየቀኑ አንድ ነገር ይጨመርበታል።

ዋናው ቋጠሮ፦ የመሬቱ ወረቀት

እስካሁን ያለው ሕንጻ ነው። ሕንጻው ቀላል ነው። አሁን ወደ መሬቱ እንምጣ።

ጎንደር በ1628 ዓ.ም. በአፄ ፋሲለደስ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ከመሀል አራዳና ከግንቡ ዙሪያ ያሉት ሰፈሮች ከካርታም ከካዳስተርም (ከመሬት ልኬት መዝገብ) በፊት የነበሩ ናቸው። ሰው ወሰኑን የሚያውቀው በዛፍ፣ በድንጋይ ካብ፣ በአያቱ ቃል ነው። በዚያ ላይ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ቁጥር 47/1967 መጣ። የከተማ መሬት የመንግሥት ሆነ። ለአንድ ቤተሰብ መኖሪያ የተፈቀደው ስፋት እስከ 500 ካሬ ሜትር ሆነ። ትርፍ ቤቶች ተወረሱ። ከተወረሱት ውስጥ ወርሃዊ ኪራያቸው 100 ብርና ከዚያ በታች የሆኑት ለቀበሌ ተላለፉ። ዛሬ ቀበሌ ቤት የምንለው የዚያ ውጤት ነው።

ሃምሳ ዓመት አልፏል። ግቢዎቹ ግን አሁንም የዚያን ጊዜ ቅርጽ ይዘዋል። በአንድ የውጭ በር ተገብቶ በስተቀኝ የግል ቤት፣ በስተግራ የቀበሌ ቤት፣ ከኋላ የጋራ ሽንት ቤት ያለበት ግቢ ስንት አለ! እንዲህ ያለ ግቢ ውስጥ አንድ ክፍል ልጨምር ሲባል የመጀመሪያው ጥያቄ ክፍሉ ስንት በስንት ነው የሚል አይደለም። የሚያርፍበት ቦታ የማነው የሚል ነው።

አንድ የተለመደ ቤተሰብ እናስብ። አባት በ1980ዎቹ ሞተዋል። ካርታው፣ ካለ፣ በሳቸው ስም ነው። እናት ግቢው ውስጥ አሉ። አምስት ልጆች አሉ፤ አንዱ አዲስ አበባ፣ አንዷ አረብ አገር፣ ሦስቱ እዚሁ። ትንሹ ልጅ ጓሮ ላይ ሁለት ክፍል ሊሠራ ይፈልጋል። ማንም አልተቃወመም። እንዲያውም ሁሉም ደስ ብሏቸዋል። ለፈቃድ ሲሄድ የይዞታ ማረጋገጫውን በስምህ አምጣ ይባላል። በስሙ እንዲሆን የወራሽነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት ማውጣት አለበት። ከዚያ ክፍፍል ወይም የሁሉም ስምምነት። አረብ አገር ያለችው እህት ውክልና በቆንስላ በኩል መላክ አለባት። ውክልናው መጣ እንበል። ካርታው ሲመረመር 320 ካሬ ይላል፣ ሲለካ 355 ሆነ። ትርፉ 35 ካሬ ከየት መጣ? ጎረቤት ይፈርም? መንገድ ተገፍቶ ይሆን? እዚህ ላይ ልጁ ይደክመዋል። ግንበኛው «በሁለት ቅዳሜና እሁድ ግድግዳውን አወጣልሃለሁ» ይለዋል። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ሁላችንም እናውቃለን።

ይህ ልጅ ሕግ ሊጥስ አልተነሳም። የሕንጻ አዋጁን ቢያነቡለት ሥራው ምድብ «ሀ» ነው፣ ቀላሉ ነው። እሱን የያዘው የውርስና የወሰን ጉዳይ ነው። እነዚህ ሁለቱ በአንድ መስኮት ተጠቅልለው «የግንባታ ፈቃድ» በሚል ስም ስለሚመጡ ሰው ፈቃድን ራሱን ይጠላል። በጣም የምቆጨውም በዚህ ነው። ፈቃድን የጠላ ሰው መሐንዲስም አይጠይቅም፤ መሠረቱም በዚያው ልክ ይሆናል።

በአንጻሩ መሬት ክፍሉ ጠንቃቃ መሆኑን መውቀስ አልችልም። ከወንድሞቹ አንዱ ብቻውን ፈቃድ አውጥቶ ከሠራ በኋላ «ግቢው የኔ ነው፣ ፈቃዱ ምስክር ነው» ብሎ ክስ የሚያነሳበት አጋጣሚ ብዙ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1178 እና 1179 በሌላ ሰው ቦታ ላይ ስለተሠራ ቤት ነው የሚያወሩት። ክርክሩ የሚንጠለጠለው ባለመብቱ ተቃውሞ ነበር ወይስ ዝም ብሎ አየ በሚለው ላይ ነው። ዝምታ በቤተሰብ መካከል ፍቅር ነው። ፍርድ ቤት ሲደርስ ግን ማስረጃ ይሆናል። ስለዚህ ግቢው ገና ካልተከፈለ ቢያንስ የሁሉም ወራሾች ፊርማ ያለበት ስምምነት በውልና ማስረጃ ይጽደቅ። ክፍሉ የማነው? ኪራዩ የማነው? ግቢው ሲከፈል ወይም ሲሸጥ ወጪው እንዴት ይታሰባል? እነዚህ ሦስቱ ይጻፉ። እናታችን በሕይወት እያሉ እንዲህ ያለ ወረቀት መጻፍ ነውር የሚመስላቸው አሉ። እኔ ግን እናትየው ራሳቸው ተቀምጠው ቢያጽፉት ልጆቻቸውን ከችሎት ማዳናቸው ነው እላለሁ።

ስለ ነባር ይዞታ፣ ማለትም ከሊዝ ሥርዓት በፊት ስለተያዘ ቦታ፣ ሌላም መታወቅ ያለበት አለ። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታ ሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 ነባር ይዞታ ከውርስ ውጭ በሆነ መንገድ ሲተላለፍ ወደ ሊዝ እንዲገባ ደንግጓል። ሊዝ የሆነ ቦታ ደግሞ ውል አለው፤ ውሉ የቦታውን አገልግሎት ይናገራል። አሮጌ ቤት ገዝቶ ወዲያው ማስፋፋት ያሰበ ሰው የሻጩን ካርታ ብቻ አይቶ መርካት የለበትም፤ ራሱ የሚፈርመውን ውል ማንበብ አለበት። ቤቱ በባንክ ብድር ተይዞ ከሆነም ባንኩ ሳያውቅ ግድግዳ ማፍረስ ጣጣ ያመጣል።

የቀበሌ ቤት ተከራይ ሲሆን ነገሩ ሌላ ነው። ቤቱ የሱ አይደለም። አከራዩ አካል በጽሑፍ ሳይፈቅድ የሚጨምረው ማድ ቤት የደከመበት እንጂ መብት ያገኘበት አይሆንም። ለሰላሳና ለአርባ ዓመት በአንድ ክፍል ውስጥ ልጆች ያሳደጉ ተከራዮች እንዳሉ አውቃለሁ። ለነሱ «አትንኩ» ብቻ ማለት መፍትሔ አይደለም። ግን ዛሬ ባለው አሠራር ገንዘባቸውን ከማውጣታቸው በፊት የጽሑፍ ፈቃድ መያዝ አለባቸው።

ፕላኑ ላይ ግቢዎ ምን ሆኗል?

ሰነዱ ሙሉ ቢሆን እንኳ አንድ ጥያቄ ይቀራል። በከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 መሠረት ከተሞች መዋቅራዊ ፕላን ይኖራቸዋል፤ ፕላኑ ለ10 ዓመት ያገለግላል። በዚያ ፕላን ላይ እያንዳንዱ ግቢ ለመኖሪያ ነው፣ ለቅይጥ ነው ወይስ ለአረንጓዴ ቦታ የሚል ቀለም አለው። የወደፊት መንገድም ተሥሎበታል። ዛሬ ሁለት ሜትር የሆነ የመንደር መንገድ ፕላኑ ላይ ሰፊ ሊሆን ይችላል። ያ ስፋት የሚበላው የማንን አጥር ነው? ብዙ ሰው ይህን የሚሰማው ንድፍ አሠርቶ፣ ከፍሎ፣ ፋይሉን ካስገባ በኋላ ነው።

ለዚህ የሕንጻ አዋጁ የፕላን ስምምነት የሚባል ደረጃ አለው። ንድፉ ከመሠራቱ በፊት ቦታው ላይ ምን መገንባት እንደሚቻል ከከተማው የሚገኝ ማረጋገጫ ነው። ቅደም ተከተሉን አደራ እላለሁ፤ መጀመሪያ የፕላን ስምምነት፣ ከዚያ ንድፍ። በተቃራኒው የሄደ ሰው የንድፍ ገንዘቡን ሁለት ጊዜ ይከፍላል።

ጎንደር ሌላ ከተማ አይደለችም

እስካሁን ያልኩት ለባሕር ዳርም ለደሴም ይሠራል። ጎንደር ላይ ግን ሦስተኛ በር አለ፤ ቅርስ።

ፋሲል ግቢ በ1979 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። የተመዘገበው 900 ሜትር በሚሆን አጥር የተከበበው የቤተ መንግሥት ግቢ ብቻ አይደለም። የፋሲለደስ መዋኛ አለበት። ቁስቋም አለበት። ደብረ ብርሃን ሥላሴ አለበት። እነዚህ በከተማዋ የተለያየ አቅጣጫ ነው ያሉት። በየዙሪያቸው ሰው ይኖራል፣ ይወልዳል፣ ክፍል ይጨምራል። ስለዚህ የቅርስ ጉዳይ የፒያሳ ሰው ጉዳይ ብቻ አይደለም። ቀሃ አካባቢ ያለው ነዋሪም፣ ቁስቋም ዳገት ላይ ያለውም ይመለከተዋል።

የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 የቅርስ ክልል ተብሎ በተከለለ ቦታ ላይ የቅርስ ባለሥልጣኑ ሳይፈቅድ ግንባታ እንዳይካሄድ ይከለክላል። ይህ ማለት የሕንጻ ሹሙ ቢፈቅድ እንኳ በቂ ላይሆን ይችላል ማለት ነው። በነዚህ ሰፈሮች ጥያቄው ስለ ቁመት፣ ስለ ጣሪያ ቀለም፣ ስለ ግድግዳው ድንጋይም ሊሆን ይችላል። ከደብረ ብርሃን ሥላሴ አጥር ጀርባ የሚወጣ ባለ ሦስት ወለል ሕንጻ ባለቤቱን ይጠቅም ይሆናል፤ እይታውን ግን ለትውልድ ይዘጋል። እዚህ ላይ እኔ ያለ ማመንታት ከቅርሱ ጋር ነኝ።

ግን ክልከላው ፍትሐዊ የሚሆነው መስመሩ ሲታወቅ ነው። ነዋሪው ቤቱ በክልሉ ውስጥ ይሁን ከክልሉ ውጭ በግድግዳ ላይ ከተለጠፈ ካርታ ማየት መቻል አለበት። አመልክቶ፣ ወራት ጠብቆ፣ «የናንተ ቅርስ ክልል ነው» ሲባል መስማት የለበትም።

አንድ ነገር ደግሞ ለሁሉም ሰፈር ይሠራል። መሠረት ሲቆፈር አሮጌ የግንብ ሥራ፣ ሸክላ፣ የተቀረጸ ድንጋይ ወይም መቃብር ሊወጣ ይችላል። ጎንደር ውስጥ ይህ የማይመስል ነገር አይደለም። ያው አዋጅ በግንባታ ቁፋሮ ጊዜ ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያውኑ እንዲያሳውቅና ተረካቢ እስኪመጣ እንዲጠብቀው ያዛል። ሥራ ይቆምብኛል ብሎ ድንጋዩን መልሶ መሠረት ውስጥ የሚሞላ ሰው አለ። እባካችሁ አታድርጉት።

ከጣሊያን ዘመን የቀሩት ቤቶችም የራሳቸው ጉዳይ አላቸው። የጣሊያን ጦር ጎንደር ላይ እጁን የሰጠው ኅዳር 1934 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት በነበሩት ጥቂት ዓመታት በአርክቴክት ጌራርዶ ቦዚዮ ፕላን የተነደፈው የፒያሳ ክፍልና አውቶ ፓርኮ ያሉት ቤቶች ዛሬም ቆመዋል። ክብ ማዕዘናቸውን በብሎኬት አራት ማዕዘን እያደረጉ የሚያስፋፉ ሰዎች ሲታዩ ያሳዝናል። ከኋላ፣ በጓሮ በኩል፣ ፊቱን ሳይነኩ መጨመር ይቻል ነበር።

ዳገቱ፣ ዋልካውና ጠፈጠፉ

ፈቃድ ለምን እንደሚያስፈልግ ወረቀቱን ትተን መሬቱን ብቻ ብናይም ይገባናል። ጎንደር ተዳፋት ከተማ ናት። የክረምቱ ዝናብ ከባድ ነው። የላይኛው ግቢ ውኃ የታችኛው ግቢ እንግዳ ነው። በዳገት ላይ ክፍል ለመጨመር አፈር ተቆርጦ ሲደለደል የላይኛው ጎረቤት ካብ እግሩን ያጣል። ነሐሴ ላይ የሚደረመሱ አጥሮች ብዙዎቹ እንዲህ የተቆረጡ ናቸው።

ወደ አዘዞና ጠዳ ሜዳ ስንወርድ ችግሩ ይቀየራል። እዚያ ያለው ጥቁር አፈር ነው፣ ዋልካ። በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል። በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። አሮጌው ቤት ለዓመታት ተላምዶ ረግቷል እንበል። አዲሱ ክፍል በቀጭን መሠረት ጎኑ ሲለጠፍ ሁለቱ በተለያየ ልክ ይነሳሉ፣ ይወርዳሉ። በመጀመሪያው ክረምት መጋጠሚያው ላይ ከላይ እስከ ታች ስንጥቅ ይወጣል። ባለቤቱ ግንበኛውን ይወቅሳል። መፍትሔው መሠረቱን ከዋልካው በታች ማውረድ ወይም አፈሩን አውጥቶ በተመረጠ አፈር መተካት፣ አዲሱንና አሮጌውንም ግድግዳ በግድ ከማሰር ይልቅ ክፍተት መተው ነው። ይህን የሚነግር ባለሙያ ከፈቃድ ጋር ነው የሚመጣው። ወጪ ለመቀነስ ያለ ባለሙያ የሚሠራ ሰው ያንን ወጪ ለስንጥቅ መጠገኛ ይከፍለዋል።

የጭቃ ቤት ላይ የብሎኬት ክፍል መለጠፍም እንዲሁ ነው። የእንጨቱ ቤት ቀላል ነው፣ ይተጣጠፋል። ብሎኬቱ ከባድና ደረቅ ነው። አዲሱን ጣሪያ በአሮጌው አጠና ላይ ማሳረፍ አይገባም።

ጎረቤትን በተመለከተ ጠቡ የሚነሳው በሁለት ነገር ነው። አንዱ መስኮት ነው። ወሰን ላይ የቆመ ግድግዳ ወደ ጎረቤት ግቢ መስኮት ማውጣት አይችልም። መስኮት ከተፈለገ ከወሰኑ መራቅ ግድ ነው። ሁለተኛው ጠፈጠፍ ነው። የራስህ ጣሪያ ውኃ በራስህ ግቢ ይውረድ። አሸንዳ ለመግጠም የሚወጣው ገንዘብ ከአንድ የፍርድ ቤት ቀጠሮ አይበልጥም። የእንጀራ ማድ ቤት ጭስንም አንርሳ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1225 ጭስ፣ ሽታና ድምፅ ከመልካም ጉርብትና ልክ አልፎ ጎረቤትን እንዳያውክ ይከለክላል። ጎረቤት ቀድሞ ቡና ላይ ቢነገረው ብዙውን ነገር ይቀበላል። ሌሊት ተገንብቶ ጠዋት ሲያየው ግን ይከሳል።

ያለ ፈቃድ የተሠራው ክፍልስ?

የሕንጻ ሹሙ ሥራ ማስቆም ይችላል። ከፕላን ውጭ የሆነውን ማስፈረስም ይቻላል። ግን ከማፍረሱ በላይ የሚጎዳው የኋላው ነው ብዬ አምናለሁ። ቤቱ ሲሸጥ ፈቃድ የሌለው ክፍል በግምት ውስጥ አይገባም፤ ገዢው ወረቀት ላይ ያለውን ብቻ ነው የሚቆጥረው። ባንክም እንደዚሁ። ቦታው ለልማት ሲፈለግ ደግሞ የካሳ ክርክሩ የሚጀምረው ከዚያ ክፍል ነው። በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ በመሬቱ ላይ በጉልበቱና በገንዘቡ የሠራው ቤት ግን የዜጋው ሙሉ መብት ነው። ይህን መብት ቢሮ ፊት የሚያስረዳው ሰነድ ነው። ፈቃድ ማለት እንግዲህ ለመንግሥት የሚደረግ ውለታ አይደለም። የገዛ ድካምን በስም ማስያዝ ነው።

ከሁሉ የማዝነው ለ«ጉዳይ ገዳይ» ገንዘብ በሚከፍሉት ነው። ሰውዬው በር ላይ ቆሞ «እኔ አስጨርስልሃለሁ» ይላል። የሚያመጣው ወረቀት ማኅተም ይኖረዋል፣ መዝገብ ላይ ግን ላይኖር ይችላል። ፈቃድ ከወሰዱ በኋላ ፋይሉ ውስጥ ቀሪው መኖሩን በራስ ዓይን ማየት ያስፈልጋል።

ከማዘጋጃ ቤቱ ምን ይጠበቃል?

መጀመሪያ የመሬቱን ጥያቄ ከሕንጻው ጥያቄ መለየት ይቻላል። በግቢው ማንም ያልተከራከረበት፣ ወራሾች ሁሉ የፈረሙበት፣ ፎቅ የሌለው አንድ ወይም ሁለት ክፍል ከሆነ፣ «ይህ ፈቃድ የባለቤትነት ማስረጃ አይሆንም» የሚል ጽሑፍ በላዩ ላይ አስፍሮ መፍቀድ ነው። የውርሱ ጉዳይ በራሱ መንገድ ይሂድ። ክፍሉ ግን መሐንዲስ አይቶት ይሠራ። ዛሬ ያለው አሠራር የውርስ ወረቀቱን እየጠበቀ ክፍሉ ያለ መሐንዲስ እንዲሠራ ያደርጋል። ከሁለቱ የትኛው የበለጠ አደጋ እንዳለው ግልጽ ነው።

ሌላው ዝግጁ ንድፍ ነው። ለዳገት፣ ለዋልካ፣ ለደረቅ መሬት የሚሆኑ፣ አንድና ሁለት ክፍል ያላቸው ጥቂት ንድፎች ተዘጋጅተው በየክፍለ ከተማው በነጻ ቢሰጡ ለብዙ ቤተሰብ የንድፍ ወጪ ይቀራል። ከተማዋ ዩኒቨርሲቲ አላት፤ የምህንድስና መምህራንና ተማሪዎች አሏት። ይህ ሥራ ከአቅማቸው በላይ አይደለም።

የቅርስ ክልሉ ካርታ ደግሞ በየቀበሌው ይለጠፍ።

አመልካቹም የራሱ ድርሻ አለው። ዘንድሮ ግንባታ ያሰበ ሰው ሲሚንቶ ከመግዛቱ በፊት ካርታውን አውጥቶ በሜትር ግቢውን ይለካው። ልዩነት ካለ አሁኑኑ ይጠይቅ። ማመልከቻው በጽሑፍ ይሁን፣ ገቢ የተደረገበት ቀንና ቁጥር ይያዝ። ካልተፈቀደለት ምክንያቱ በጽሑፍ እንዲሰጠው ይጠይቅ፤ ይግባኝ ሰሚ ቦርድ ፊት የሚቀርበው ያ ወረቀት ነው። ከተፈቀደለት ሥራ ሲጀምር ለሕንጻ ሹሙ ያሳውቅ፣ መሠረቱ ሳይሞላ ባለሙያው እንዲያየው ያድርግ። ፎቶም ያንሳ፤ አፈር ከተመለሰበት በኋላ ስለ መሠረቱ ሊመሰክር የሚችል ሌላ ነገር አይኖርም።